ይከፍላል ወይስ አይከፍልም? የካርጎ ኢንሹራንሴ ከሦስት ክሌይም በኋላ

አዲስ ኦቶሪቲ (በራስ ስም ጭነት የማጓጓዝ ፈቃድ) ያወጣ ሁሉ የሚደውልልኝ ለአንድ ጥያቄ ነው። «ያንተ ኢንሹራንስ ይከፍላል?» ዋጋውን አይጠይቅም። ዋጋውንማ ኤጀንቱ ነግሮት ራሱን ይዞ ነው የሚደውለው። የሚፈልገው ስም ነው፤ እገሌ ይከፍላል፣ እገሌ ያንገላታል፣ ከእገሌ ሽሽ የሚል ዝርዝር።

አሜሪካ መንገድ ላይ ስምንት ዓመት ነድቻለሁ፤ አምስቱን በራሴ ስም። አንድ ትራክ፣ አንድ ሪፈር (ማቀዝቀዣ ያለው ተጎታች)። በእነዚህ አምስት ዓመታት ሦስት የጭነት ክሌይም (የካሳ ጥያቄ) ገጥሞኛል፣ ሦስቱም አሁን በያዝኩት ኢንሹራንስ። አንዱን ከፈለ፣ ነፍሴን አውጥቶ። ሁለተኛውን አልከፈለም፣ ጎዳኝ። ሦስተኛውንም አልከፈለም፣ እሱ ግን ጠቀመኝ። እንግዲህ ይከፍላል ወይ ሲሉኝ ምን ልበል? እስቲ ልጻፈውና አንብባችሁ ፍረዱ።

ስሙን አልጽፍም። ገና ደንበኛቸው ነኝ፣ ጣጣ አልፈልግም። ደግሞም ስሙን ብታውቁት ያን ያህል አይጠቅማችሁም። ወረቀቴ ላይ የታተመው ስም የአንድ ኩባንያ ነው። ፖሊሲውን አዘጋጅቶ የሚሸጠው ግን ሌላ ነው። ክሌይም ሲመጣ ስልክ የሚያነሳውና የሚመረምረው ደግሞ በኮንትራት የተቀጠረ ሦስተኛ ድርጅት። እኔና አንድ የሥራ ጓደኛዬ የአንድ ኢንሹራንስ ደንበኞች ነን እየተባባልን ስንት ጊዜ ከቆየን በኋላ፣ አንድ ቀን ቡና ላይ ፖሊሲዎቻችንን ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው አራት ቦታ ይለያያሉ። የእሱ ሪፈር መንገድ ላይ ቢቆም አንድ ሳንቲም አያገኝም ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አትክልትና ሥጋ ሲጭን አያውቅም።

ወደ ክሌይሞቹ ከመግባቴ በፊት ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ልናገር። የጭነት መኪናዎችን የሚቆጣጠረው የፌደራል መሥሪያ ቤት፣ ኤፍኤምሲኤስኤ፣ ከእኛ የሚፈልገው ሰው ላይና የሰው ንብረት ላይ ለሚደርስ አደጋ ቢያንስ 750,000 ዶላር ሽፋን ነው። ቁጥሩ ከ1985 ጀምሮ አልተነቃነቀም። ብሮከሮቹ (ከላኪው ጭነት ተቀብለው ለእኛ የሚሰጡት ደላሎች) ግን 1,000,000 ካላዩ ሎድ አይሰጡም። የጫናችሁት ዕቃስ? የቤት ዕቃ አጓጓዥ ካልሆናችሁ፣ ከ2011 ወዲህ የፌደራል ሕግ የካርጎ ኢንሹራንስ ግዙ ብሎ አያስገድዳችሁም። ያቺን 100,000 ዶላር የምትባል የካርጎ ሽፋን ቁጥር ያመጣት ብሮከሩ ነው። ስለዚህ መንግሥት «ይህ ይሸፈን፣ ያኛው መቅረት አይችልም» ብሎ ያወጣው አንድ ወጥ ቅጽ የለም። እያንዳንዱ ኢንሹራንስ የመሰለውን ይጽፋል፣ እኛ ደግሞ ሳናነብ እንፈርማለን። ከአደጋ ሽፋኑ ጋር የሚያያዘውን ኤምሲኤስ 90 የሚባለውን ወረቀት ይዞ «ሁሉም ተሸፍኖልኛል» የሚል ሰውም አጋጥሞኛል። እሱ ጭነትን አይመለከትም። እንዲያውም ኢንሹራንሱ በዚያ ወረቀት ተገዶ ለተጎዳ ሰው ከከፈለ በኋላ ዞሮ ገንዘቡን ከእናንተ ሊጠይቅ ይችላል።

የመጀመሪያው ክሌይም እንጆሪ ነበር። ከሳሊናስ፣ ካሊፎርኒያ ጭኜ ወደ ዳላስ። 34 ፋራናይት ይዘህ ሂድ ተብያለሁ። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አሥር ሰዓት ዕረፍቴን ስወስድ፣ ሌሊት ላይ የሪፈሩ ሞተር ቆመ። እኔ ተኝቻለሁ። ስነቃ ጸጥታው ራሱ ነገረኝ፤ ሪፈር የሚጎትት ሰው ያቺ ድምፅ ስትጠፋ ሆዱ ውስጥ የሚሰማውን ያውቃል። ዳላስ ስደርስ ተቀባዩ ቴርሞሜትሩን እንጆሪው ውስጥ ሰካ፣ 51 አነበበ፣ በሩን ዘጋ። የብሮከሩ ክሌይም 31,400 ዶላር ሆኖ በሦስተኛው ቀን ደረሰኝ።

እዚህ ላይ ላመስግናቸው የሚገባውን ላመስግን። ሌሊት በደወልኩበት ሰዓት ሰው ነው ያነሳው፣ ማሽን አይደለም። በዚያው ቀን ጭነቱን የሚያይ ባለሙያ ላኩ። ሰውየው ፓሌቶቹን አንድ በአንድ አይቶ «ይሄ ሁሉ አይጣልም» አለ፣ ገሚሱም ለጃም ፋብሪካ በርካሽ ተሸጠ። እሱ ባይኖር ክሌይሙ በሙሉ ዋጋ ይጸና ነበር። ብዙዎቻችን ያልገባን ነገር ይሄ ነው፤ ጥሩ ኢንሹራንስ ቼክ ከመጻፉ በፊት ጉዳቱን ያሳንሳል።

ከዚያ ዝምታ። ስድስት ሳምንት። አጀስተሩ (ክሌይሙን የሚመረምረው ሰው) ተቀየረ፣ አዲሱ ፋይሉን ከመጀመሪያ አነበበ፣ ከዚያ እምቢ የሚል ደብዳቤ መጣ። የሪፈር ብልሽት ሽፋን አለኝ፣ ከፍዬበታለሁ። ግን ገጽ 23 ላይ ማሽኑ በየሦስት ወሩ ሰርቪስ መደረጉን በደረሰኝ አሳይ ይላል። የሁለቱ ደረሰኝ አለኝ። ሦስተኛውን ፓርኪንግ ላይ መጥቶ የሠራልኝ መካኒክ ነው፣ ደረሰኝ አልሰጠኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሰውየውን ፈልጌ እስካገኘው፣ ስልኩ ውስጥ ያለውን ፎቶና የከፈልኩበትን የባንክ መልእክት አያይዤ እስክልክ፣ እነሱም አይተው አንዴ ቀን አይነበብም፣ አንዴ ፊርማ የለውም እያሉ እስኪመልሱኝ ሌላ ሁለት ወር ሄደ። በመጨረሻ ከፈሉ። የተሸጠው እንጆሪ ዋጋ ተቀንሶ፣ ለሪፈር ብልሽት የተለየው የእኔ 5,000 ዶላር ዲዳክቲብል (ከኪሴ የምችለው ድርሻ) ተቀንሶ። ከእንጆሪው ቀን እስከ ቼኩ አምስት ወር ከአሥራ አንድ ቀን።

አምስት ወሩ ለኢንሹራንሱ ምኑም አይደለም። ለእኔ ግን ሌላ ነው። የፌደራሉ ደንብ የጭነት ክሌይም የቀረበበት አጓጓዥ በ30 ቀን ውስጥ ደርሶኛል ብሎ እንዲመልስ፣ በ120 ቀን ውስጥ ደግሞ እንዲከፍል፣ የመስማሚያ ዋጋ እንዲያቀርብ ወይም እምቢ እንዲል ያዛል። ልብ በሉ፣ አጓጓዡ ነው የሚለው። ኢንሹራንሱ አይደለም። ሰዓቱ የሚቆጥረው በእኔ ላይ ነበር፣ መልሱን የያዘው ሌላ ሰው። ብሮከሩም አልጠበቀም፤ ከሌሎች ሁለት ሎዶች ያለኝን 6,200 ዶላር ያዘ። ያንን ሂሳብ ከብሮከሩ በፊት ቀድሞ የከፈለኝ ፋክተሪንግ ድርጅት ደግሞ ብሮከሩ ሲያዝበት ገንዘቡን ከእኔ ቀነሰ። የዚያን ወር የትራኩን ክፍያ እህቴ ናት የከፈለችልኝ። በኋላ «ያንተ ኢንሹራንስ እኮ ከፍሏል» ይሉኛል። አዎ ከፍሏል።

ሁለተኛው አጭር ነው። የታሸገ የሕፃናት ምግብ፣ ሁለት ማራገፊያ። የመጀመሪያው መጋዘን ሠራተኛ የበሩን ማኅተም ቆርጦ ድርሻውን አወረደ፣ አዲስ ማኅተም አድርጎ ዘጋ፣ የአዲሱን ቁጥር ግን ቢኦኤሉ (የጭነት ሰነዱ) ላይ አልጻፈም። እኔም አላየሁም። ጥፋቴ ነው፣ አልክድም። ሁለተኛው መጋዘን ቁጥሩ ሲለይበት ሙሉውን አልቀበልም አለ። የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በ2016 የምግብ ማጓጓዣ ደንቡን ካወጣ ወዲህ በማኅተም ነገር የምግብ ላኪዎች ቀልድ አያውቁም። ዕቃው ደህና ነው፣ አንድ ካርቶን እንኳ አልተጨማደደም።

ኢንሹራንሱ በዘጠኝ ቀን መለሰ። ፈጣን እምቢታ። ፖሊሲው የሚሸፍነው ዕቃው ላይ የደረሰ አካላዊ ጉዳትን ነው፣ ጉዳት የለም፣ ስለዚህ አንከፍልም። በወረቀቱ ትክክል ናቸው። ችግሩ እኔ ከብሮከሩ ጋር የፈረምኩት ውል ነው፤ ማኅተሙ ካልተመሳሰለ ጭነቱ ሙሉ በሙሉ እንደጠፋ ይቆጠራል ይላል። አንድ ወረቀት ላይ ኃላፊነት ወስጃለሁ፣ ሌላው ወረቀት ያንን ኃላፊነት አይሸፍንም፣ ሁለቱንም የፈረምኩት ያው እኔ ነኝ። ለምኜ፣ ተደራድሬ፣ 9,000 ዶላር ከሎዶቼ እየተቆረጠ በስድስት ወር ጨረስኩት።

የብሮከሩ ሴትዮ ያኔ ያለችኝን አልረሳውም። «መቶ ሺህ ካርጎ አለኝ ብለህ ሰርተፊኬት ልከህልን ነበር እኮ!» ልኬያለሁ። ግን ያ ሰርተፊኬት አናቱ ላይ ለመረጃ ብቻ የተሰጠ መሆኑንና ለያዘው ሰው ምንም መብት እንደማይሰጥ ጽፏል። ቁጥሩን ያሳያል፣ የማይሸፈነውን አያሳይም። ሰው በሌለበት ቆሞ የተሰረቀ ትራክ አይሸፈንም ይል ይሆናል፤ ስሙ ያልተመዘገበ ሾፌር ከነዳው አይሸፈንም ይል ይሆናል፤ መዳብ፣ ሲጋራ፣ ስልክ፣ የባሕር ምግብ አይሸፈንም ይል ይሆናል። ብሮከሩ ይህን አያይም። ስለዚህ «ይህ ኢንሹራንስ ይከፍላል፣ ያኛው አይከፍልም» የሚለውን ወሬ ከሌላ ብሮከር ሰምቶ ይወስናል። ለራሱ የሚገዛው መጠባበቂያ የካርጎ ኢንሹራንስ አለው፣ እሱም ብዙውን ጊዜ የእኛ ኢንሹራንስ መጀመሪያ እምቢ እስኪል ድረስ አይነቃነቅም። እና የ75,000 ዶላሩ የብሮከር ቦንድ (ብሮከሩ የሚያስይዘው ዋስትና) አለ የምትሉ ካላችሁ፣ እሱን እኛ የምንፈልገው ብሮከሩ የጫንንበትን ሳይከፍለን ሲቀር ነው። ለተበላሸ እንጆሪ አይደለም።

አሁን ሦስተኛው። ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው።

የቡና ማፍያ ማሽን ነበር የጫንኩት። ላኪው ራሱ ጫነ፣ ራሱ ቆጠረ፣ ራሱ አሸገ። እኔ ዶኩ ላይ እንድወጣ እንኳ አልተፈቀደልኝም። ቢኦኤሉ ላይ ግን አስጽፌያለሁ፤ የጫነውም የቆጠረውም ላኪው ነው የምትለዋን። ተቀባዩ ጋ ስደርስ ማኅተሙ ደህና ነው፣ ቁጥሩ ይመሳሰላል፣ «ማኅተሙ ሳይነካ ደርሷል» ብለው ፈረሙልኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ 18 ካርቶን ጎድሏል የሚል ክሌይም መጣ። ብሮከሩ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ 4,700 ዶላሬን ያዘ።

ከሁለቱ ልምዶቼ በኋላ ኢንሹራንሱን በደስታ የጠራሁት እንዳይመስላችሁ። የዚህ ዓይነቱ ክሌይም ዲዳክቲብሌ 2,500 ነው። ከፍለው ቢገላግሉኝም እሷ ከእኔ ናት፣ በዚያ ላይ መዝገቤ ይበላሻል። ግን የመጣችው አጀስተር ቢኦኤሉን፣ የማኅተሙን ፎቶና የትራኩን የጉዞ መዝገብ ጠየቀች፣ በአራተኛው ቀን ጠበቃቸው ለብሮከሩ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። ከ1906 ጀምሮ ያለው ካርማክ የሚባለው ሕግ በአጓጓዥ ላይ ከባድ ነው፤ ዕቃ ከተጎዳ ጥፋተኛ መሆንህን ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ግን ጠያቂው መጀመሪያ ዕቃው በሙሉነትና በደህና ሁኔታ ለእኔ መሰጠቱን ማሳየት አለበት። ላኪው ብቻውን በቆጠረውና ባሸገው ትሬለር ውስጥ 18 ካርቶን ከመጀመሪያውም እንደነበረ በምን ያሳያል? ማሳየት አልቻሉም። በሦስት ሳምንት ውስጥ 4,700 ዶላሬ ተለቀቀ።

ይህ ክሌይም «ያልተከፈለ» ነው። ያ ብሮከር ዛሬም ስለዚህ ኢንሹራንስ ሲጠየቅ «አይከፍሉም፣ አስቸጋሪ ናቸው» ነው የሚለው። ከራሱ ቢሮ አንድ ልጅ ነው የነገረኝ። ከእሱ ወንበር ሲታይ እውነቱን ነው። እኔ ደግሞ በእንጆሪው ጊዜ ተመሳሳይ ነገር ለስንቱ ስናገር ነበር። ለብሮከሩ ጥሩ ኢንሹራንስ ማለት ጠያቂውን ቶሎ ከፍሎ የሚያሰናብት ነው። ለእኔ ጥሩ ኢንሹራንስ ዕዳ ሲኖርብኝ የሚከፍል፣ ዕዳ ሳይኖርብኝ ደግሞ የሚሟገትልኝ ነው። አንዱ «ከፋይ» ብሎ የሚያሞካሸው ሌላው ዘንድ በእኔ ስም ገንዘብ በታኝ ሊሆን ይችላል፤ የሚበትነውን ደግሞ ዓመት ሲዞር ከእኔው አረቦን ይለቅመዋል። ስለዚህ አሁን ሰው ስለ አንድ ኢንሹራንስ ሲነግረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ወሬው ከማን መጣ የሚለውን ነው። ከሾፌር? ከብሮከር? ወይስ ሌላ ፖሊሲ ሊሸጥልህ ከሚፈልግ ኤጀንት?

ኤጀንቶቹ ደግሞ ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች ደረጃ የሚያወጣውን ድርጅት ጠቅሰው «ኤኤም ቤስት ኤ ሰጥቶታል» ማለት ይወዳሉ። ጥሩ ነው፣ እኔም አያለሁ። ግን ያ ደረጃ የሚለካው ኩባንያው የመክፈል አቅም እንዳለው ነው። ለእናንተ የመክፈል ፍላጎቱን አይለካም። አቅሙም ቢሆን ቀልድ አይደለም። ሪስክ ሪቴንሽን ግሩፕ የሚባሉት (ባለቤቶቹ ራሳቸው ደንበኞቹ የሆኑባቸው ኢንሹራንሶች)፣ ዳውን ፔይመንታቸው (ቅድሚያ ክፍያቸው) ትንሽ ስለሆነ አዲስ ሰው የሚሮጥባቸው፣ ቢወድቁ የክፍለ ግዛቱ የዋስትና ፈንድ አይደርስላችሁም። ሰርፕለስ ላይን በሚባለው መንገድ፣ ማለት የክፍለ ግዛቱ መደበኛ ፈቃድ በሌለው ኩባንያ፣ የተሸጠ ፖሊሲም በአብዛኛው ቦታ እንዲሁ ነው። በ2019 ኔቫዳ ተመዝግቦ ለጭነት መኪናዎች ሲሸጥ የነበረ አንድ ግሩፕ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሲፈርስ፣ ክሌይም የነበረው ሁሉ ወረፋ ያዘ። ከዚህ ሌላ ኤንኤአይሲ (የክፍለ ግዛቶቹ የኢንሹራንስ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር) የሚያወጣው የአቤቱታ መለኪያ አለ፤ 1 ማለት እንደ ማንም ነው፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ለድርሻው የሚበዛ አቤቱታ አለበት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ እዩት። ብቻውን ግን አትመኑት፤ እኛ አብዛኞቻችን የምናማርረው ስልክ ላይ ነው እንጂ ለኢንሹራንስ ቢሮ አንጽፍም። እኔም በእንጆሪው ጊዜ አልጻፍኩም።

የእኔ ትልቁ ቅሬታ ኤጀንቷ ላይ ነው። ጨዋ ሴት ናት፣ ስልክ ታነሳለች። ግን ዳውን ፔይመንት ከመክፈሌ በፊት ያሳየችኝ አንድ ገጽ የዋጋ ማጠቃለያ ብቻ ነበር። ሙሉው ፖሊሲ፣ ገጽ 23ን ጨምሮ፣ የመጣው ከከፈልኩ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ናሙና ፖሊሲ የሚባል ነገር አለ፣ ሳትከፍሉ ጠይቁ፣ የሚሰጥ ይሰጣል። የማይሰጥ ኤጀንት ካጋጠማችሁ እኔ ብሆን ሌላ እደውላለሁ፣ ያኔ ግን አልደወልኩም።

ነጥብ ስጥ ካላችሁ ከአምስት ሦስት። ሌሊት ስልክ ለማንሳት፣ ባለሙያ ለመላክና የሐሰት ክሌይምን ለመሟገት አምስት። ለፍጥነትና አጀስተር እየቀያየሩ ፋይል ከዜሮ ለመጀመር አንድ። ለፖሊሲው ጽሑፍ ሁለት፣ እሱንም የማነበው አሁን ስለሆነ ከፊሉ ጥፋት የእኔ ነው።

ውሉ የሚታደሰው በሚቀጥለው ወር ነው። አረቦኑን ከ16,200 ወደ 18,900 ዶላር አድርገውታል። ለምን ስል ሎስ ራን የሚባለውን የክሌይም ታሪኬን ላኩልኝ። ሦስተኛው ክሌይም፣ ያ ያልተከፈለው፣ እዚያ ላይ ተቀምጧል፤ ለጠበቃ የወጣው ወጪ 2,100 ዶላር ተብሎ። ብሮከሩ «አይከፍሉም» የሚልበት ክሌይም ለእኔ እንደ ወጪ ተቆጥሮብኛል።

ለኤጀንቷ ሁለት ጥያቄ በኢሜይል ልኬያለሁ። ማኅተም ሲለይ ጭነቱ ባይጎዳም የሚሸፍን ተጨማሪ አንቀጽ መግዛት ይቻላል ወይ? የሪፈሩ ሰርቪስ ደረሰኝስ በየሦስት ወሩ መሆኑ ቀርቶ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ቢባል ስንት ትጨምሩብኛላችሁ? ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ስልኳን ታነሳለች፣ «እያየሁልህ ነው ወንድሜ» ትላለች።